የዲሪርሳ በርጩማ

የገዛ ልጁን «ትሸነፋለች» ብሎ የሚገምት አባት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው እሁድ ጠዋት፣ ለልጄ ቂንጬ እያማሰልኩ፣ በገዛ ቤቴ ሰማሁ። ሳሎኑንና ማብሰያዬን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው፤ ሳሎን የተወራ ሁሉ ድስቴ ውስጥ ይገባል። እኔ ብቻ ብሰማው ግድ አልነበረኝም፤ ከዲሪርሳ ጋር ስኖር ስንቱን ሰምቼ እንዳልሰማ አልፌያለሁ። ችግሩ ልጃችን ፀደንያ ጓዳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የእጇን ፋሻ ትጠቀልል ነበር። ከሰዓት በኋላ ቡራዩ ሄዳ ሪንግ ውስጥ የምትገባው፣ ከሱሉልታዋ ልጅ ጋር የምትቧቀሰው እሷ ናት። ካሸነፈች ሰበታንም ሱሉልታንም ለሚያጠቃልለው ከተማ ምርጥ ቡድን ትመረጣለች፤ ካልሆነላት እስከ ከርሞ ቁጭ ነው። አባቷ ይህን ሁሉ እያወቀ «ፀደንያ ትሸነፋለች» ብሎ ጠረጴዛዬን በጡጫው ጓ አደረገ።

ሳሎን የነበሩት እነማን ናቸው ብትሉ፣ ባሌ ዲሪርሳ፣ የድሮ የፋብሪካ ጓደኞቹ ኦቦ ሞቱማና ጋሽ ወርቁ፣ ከነሱ ጋር ደግሞ የጎረቤታችን የሚኒባስ ሹፌር ወንዲ ነበሩ። ወንዲ በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል፣ በቦክስ ወሬ ግን እኩያቸው ሆኗል። ግጥሚያ ባለበት ቀን ጠዋት እኛ ቤት ይሰበሰቡና የዕለቱን ተጋጣሚዎች ከመጀመሪያው ጥንድ እስከ መጨረሻው ይገምታሉ። ከፋብሪካው ዘመን ይዘውት የመጡት ሕግ አላቸው። ምክንያት የሌለው ግምት አይቆጠርም። ምክንያቱን ሰጥቶ ጠረጴዛውን በጡጫ ያልመታም አይቆጠርለትም፤ ከመታ ደግሞ መመለስ የለም። የዕለቱን ትልቅ ግጥሚያ አሸናፊ በትክክል ያገኘ ሰው እስከሚቀጥለው ድረስ በርጩማዋ ላይ ይቀመጣል፤ ያገኙት ብዙ ከሆኑ በየተራ። በርጩማዋ ቀይ ቀለሟ የተላጠ የእንጨት በርጩማ ናት፤ ድሮ ፋብሪካው የቦክስ ቡድኑን ሲበትን ዲሪርሳ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ያመጣት። ሶፋ ተዘርግቶላቸው እነዚህ ሽማግሌዎች እሷ ላይ ለመቀመጥ ይጣላሉ። ሁሉም ተቀምጦባታል፣ ወንዲ ሳይቀር። ያልተቀመጠባት ባለቤቷ ዲሪርሳ ብቻ ነው።

ያን ጠዋትም እንደ ወትሯቸው ነበር የጀመሩት። «የገላኑ ልጅ በሁለተኛው ዙር ይዘርረዋል» አሉ ኦቦ ሞቱማ። «ምክንያት፤ መጋዘን ለመጋዘን ጭነት እያወረደ ያደገ ነው። ትከሻውን አላያችሁም?»

«ትከሻ ብቻውን ቦክስ አይጫወትም!» አሉ ጋሽ ወርቁ። «የቡራዩው በነጥብ። ምክንያት፤ ግራኝ ነው፤ የገላኑ ልጅ ከግራኝ ጋር ተጋጥሞ አያውቅም።» ጓ አደረጉ።

ወንዲ ቀጠለ። «የለገጣፎው ይሸነፋል። ምክንያት፤ ልምምዱን ቲክቶክ ላይ ነው የምናየው፣ ጂም ውስጥ ያየው ሰው የለም። ከዛ ቀጥሎ ያለውን ደግሞ የሰበታው ይወስደዋል። ምክንያት፤ የሰፈሬ ልጅ ነው።»

«ይሄ ዝምድና እንጂ ምክንያት አይደለም! አይቆጠርም!» ብለው ጋሽ ወርቁ ጮኹበት። ጋሽ ወርቁ ድሮ የፋብሪካው ሰዓት ያዥ ነበሩ፤ አሁንም እንደዳኛ ያደርጋቸዋል። ወንዲ ሳቀና ሌላ ምክንያት ፈለገ። የፀደንያ ተራ ሲደርስ እኔም ሳላስበው እሳቱን ቀነስኩ። ኦቦ ሞቱማ «ፀዲ በነጥብ» አሉ። ጋሽ ወርቁ «በነጥብ፣ በሰፊ ልዩነት» አሉ። ወንዲ «በዝረራ ነው እንጂ!» አለ። የዲሪርሳ ተራ ደረሰ። ከዛ ነው እንግዲህ፣ «የሱሉልታዋ ናት የምታሸንፈው፤ ፀደንያ ትሸነፋለች» ያለው። «ምክንያት፤ የሱሉልታዋ ዳገት ላይ ሮጣ ያደገች ናት፣ ትንፋሽ አላት። የእኛዋ ሦስተኛው ዙር ላይ ትደክማለች።» ጓ። ሌላ ጊዜ ዲሪርሳ ሲገምት ሳቅ ነው የሚከተለው። ያን ዕለት ማንም አልሳቀም። ወንዲ የሆነ ነገር ሊል ሲል ኦቦ ሞቱማ ጉልበቱን ያዝ አደረጉት።

ፀደንያ ቦርሳዋን አንግታ ከጓዳ ወጣች። አባቷን አየችው፤ እሱ ጠረጴዛውን ያያል። «ፀዲ፣ ቂንጬሽ» ብላት «ጠግቤያለሁ» አለችኝ፤ አንድ ማንኪያ ሳትቀምስ። «ኢንተላ ኮ» አላት ዲሪርሳ። ልጄ ማለቱ ነው፤ ሲጨንቀው በኦሮምኛ ነው የሚጠራት። «ሰምቻለሁ አባዬ» ብላ ወጣች። የግቢው በር ከኋላዋ ሲጋጭ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። የኔም ደም ፈላ። ማማሰያዬን እንደያዝኩ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ጠላት እንኳ ዛሬን አሸነፈች ይላል!» አልኩት። «ግምት ነው» አለኝ። እንግዶች ባሉበት ባል አይዘለፍ ብዬ እንጂ ብዙ ነበር ሆዴ ውስጥ።

እሷ ከቡድኗ ጋር ቀድማ ስለሄደች እኛ በወንዲ ሚኒባስ ተከተልን። እኔ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ከዲሪርሳ ጎን መቀመጥ አላሰኘኝም። በፋብሪካው አጥር በኩል ስናልፍ ግን እንደ ልማዴ አንገቴ ዞረ። አጥሩ አለ፣ በሩም አለ፤ ውስጡ አሁን የማን እንደሆነ የማላውቀው መጋዘን ነው፣ ከባድ መኪና ይገባል ይወጣል። እኔ ገና ልጅ ሆኜ ፈትል ክፍል የገባሁት በዚያ በር ነው። ቅዳሜ ሳይረኑ ሲጮህ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። ጥጥ መጋዘኑ ውስጥ ሪንግ ይተከላል፤ ገመዱ በተጣለ ክር የተጠመጠመ፣ ወንበራችን የታሰረ ጥጥ። ጋሽ ወርቁ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመቱ ዙሩ ይጀመራል። ፈትል ክፍል ከሽመና ክፍል፣ እኛ ከጎረቤት ፋብሪካ፤ ጩኸቱ እስከ አለም ገና ይሰማል ይሉ ነበር። ፀጉራችን ላይ የጥጥ ብናኝ ስለሚያርፍብን ሁላችንም በአንድ ቀን የሸበትን እንመስላለን፤ የመሰልነው ነገር ደረሰ፣ አሁን ብናኙ ሳይኖር ሸብተናል። ያ ቅዳሜ ይናፍቀኛል፤ ምን እዋሻለሁ፣ በጣም ይናፍቀኛል።

ዲሪርሳን ያየሁት እዚያ ነው። ቦክሰኛ አልነበረም። በርጩማዋንና የውሃ ባልዲዋን ይዞ ማዕዘን ላይ የሚቆመው እሱ ነበር። ዙሩ ሲያልቅ ዘሎ ገብቶ በርጩማዋን ያስቀምጣል፤ የደከመው ልጅ ይቀመጣል፤ እሱ ይንበረከክና ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ይጠርግለታል፣ በጆሮው የሆነ ነገር ይለዋል። ያን የሚጠርግበትን እጅ አይቼ ነው የወደድኩት። ሌሎቹ ሴቶች አሸናፊውን ሲያዩ እኔ ፎጣ የያዘውን ሰውዬ አያለሁ። ጓደኞቼ ስቀውብኛል፤ ቢስቁም አልተጸጸትኩም። ያ እጅ ነው እንግዲህ ዛሬ በገዛ ልጁ ላይ ጠረጴዛ የመታው እያልኩ አየር ጤናንም ጦር ኃይሎችንም ሳላያቸው አለፍን።

አስኮ ስንደርስ ዲሪርሳ ወንዲን አስቆመውና ለፀደንያ ውሃና ሎሚ ሊገዛ ወረደ። «ሎሚውን ሳትከራከር እንዳትገዛ፣ እሁድ እሁድ ዋጋው ሰማይ ነው» አልኩት፤ ከጠዋት ጀምሮ ያናገርኩት ያኔ ነው። እሱ ራቅ ሲል ኦቦ ሞቱማ ከኋላ ጠጋ አሉኝ።

«ወርቅውሃ፣ አትቆጪው። ለመሆኑ ዲሪርሳ ገምቶ ሲሳካለት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እውነትም! ያቺ በርጩማ ቤቴ ውስጥ ስንት ዘመን ስትቀመጥ እሱ ተቀምጦባት አያውቅም። «ያሸንፋል ያለው ሁሉ ተሸንፏል» አሉ ኦቦ ሞቱማ። «ስናሾፍበት ዳኛው በድሎን ነው፣ ሚዛኑ ተዛብቶ ነው እያለ አንድ ቀን አምኖልን አያውቅም። ሞኝ ሰው አይደለም፣ ኩራት ነው። ዛሬ ግን እኛ ሁላችን ባለንበት አመነ። ለልጁ ብሎ አመነ፤ ትሸነፋለች ብል ታሸንፋለች ብሎ። ስለዚህ ነው ያልሳቅንበት።» ጋሽ ወርቁ ደግሞ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ለልጅቷ እንዳትነግሪያት! ሆን ተብሎ ነው ከተባለ ግምት መሆኑ ይቀራል፤ ይፈርሳል!» አሉኝ።

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ሽበታቸውን ይዘው! እኔ ደግሞ እነሱ የማያውቁትን አውቃለሁ። ዲሪርሳ ሁልጊዜ የሚሳሳተው አፉ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የእኛ ቡድን ደካማ ነበር፣ እሱ ደግሞ ፊቱን የጠረገለትን ልጅ ይሸነፋል ማለት አይሆንለትም። ቡድኑ ከተበተነም በኋላ አንዴ እጁን የጨበጠውን፣ ወይ እናቱን የሚያውቃትን ልጅ ነው የሚመርጠው። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምትሃት የለውም። ይህን ሁሉ ልቤ እያወቀ፣ አሸዋ ሜዳን አልፈን አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? «ምናልባት ቢሠራስ?» እኔም አመንኩ! ሳሾፍባቸው የኖርኩት ሴትዮ!

የቡራዩው አዳራሽ አዲስ ነው፤ ፕላስቲክ ወንበር፣ ጆሮ የሚበጥስ ሙዚቃ፣ ስልኩን ወደ ላይ የዘረጋ ወጣት ብቻ። የጥጡ ሽታ የለም፣ ቸርኬውም የለም፤ ደወሉ በኤሌክትሪክ ነው የሚጮኸው። ጋሽ ወርቁ ደወሉ በጮኸ ቁጥር ቅር እያላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ሲጋጠሙ እኔ ሎሚዬንና ውሃዬን ይዤ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሄድኩ። ፀደንያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ፋሻዋ ታስሮ አልቋል።

«እማ፣ አባዬ መጣ?» አለችኝ።

«መጥቷል።»

«በመጀመሪያው ዙር ነው የምጨርሳት። ሦስተኛው ዙር አይደርስም። ያኔ እደክም እንደሆነ ያየኛል።» ዓይኗ ውስጥ እንባ አለ፤ እንዳይወርድ ይዛዋለች። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። «አባትሽ እኮ...» አልኩና፣ የጋሽ ወርቁ ጣት ትዝ አለኝ፣ «ይፈርሳል» ያሉት። ዋጥ አደረግሁት። «አባትሽ ሎሚ ገዝቶልሻል» ብዬ ሰጥቻት ወጣሁ።

ደወሉ ሲጮህ እንደ ተለቀቀች ጊደር ነው የወጣችው። እንደዚያ ስትመታ አይቻት አላውቅም። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ የሱሉልታዋ ልጅ ገመዱ ላይ ተለጥፋ ፊቷን ትሸፍናለች። አዳራሹ ተነሳ። አሠልጣኟ ከማዕዘኑ «ቀስ! ፀደንያ ቀስ!» ይላል፤ ማን ሊሰማው። ወንዲ ወንበር ላይ ቆመ። እኔም «በያት!» ስል ራሴን ሰማሁት። የመጀመሪያውን ዙር ወሰደችው፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ዞር ብዬ ዲሪርሳን ሳየው ግን ፊቱ አመድ መስሏል። ስንቱን ልጅ በርጩማ ላይ ያስቀመጠ ሰው ነዋ፤ ትከሻዋ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ያያል። «ትንፋሿን ጨረሰችው» አለ በቀስታ፣ «ምነው እንዲህ ተቻኮለች?» ለምን እንደተቻኮለች እኔ አውቅ ነበር። ሁለተኛው ዙር እኩል ሄደ። ሦስተኛው ላይ እጆቿ ከበዷት፤ ስታነሳቸው ከምድር ድንጋይ የምታነሳ ትመስላለች። የሱሉልታዋ ልጅ ልክ አሁን የጀመረች ይመስል እየዘለለች መጣች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ዳኛው የሌላዋን እጅ ወደ ላይ አንስቶ ነበር። ፀደንያ አቀፈቻት፣ ጨዋ ልጅ ናት። ከዛ ቀጥታ አባቷን አየችው። አባቷ በዘመኑ ሁሉ ገምቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳካለት፤ ማንም እንኳን ደስ አለህ አላለውም።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ወንዲ ሬዲዮውን እንኳ አልከፈተም። ሰበታ ገብተን ወንዶቹ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ ስል ተከትለውን ገቡ። ገብተውም አልተቀመጡም፤ ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስል ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ገና አልመሸም፣ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ላይ አልወረደችም። ፀደንያ ትንሽ ቆይታ መጣች። ግራ ዓይኗ አብጧል፣ ፀጉሯ በላብ እንደራሰ ነው። ማንንም ሰላም ሳትል ጥግ የነበረችውን በርጩማ አነሳችና ሳሎኑ መሃል አስቀመጠቻት።

«ቁጭ በል አባዬ። ዛሬ ያንተ ናት።»

ዲሪርሳ ቆሞ ቀረ። ጋሽ ወርቁ ሳል መጣባቸው፣ ወንዲ ጫማውን ያያል። «ቁጭ በል እንጂ! ሕግ አይደል?» አለች። «አንተ ያንን ባትል እኮ በእርጋታ ነበር የምጫወተው። ሦስቱንም ዙር ከፋፍዬ፣ እንደተባልኩት። ያንተን ቃል ውሸት ላደርግ ስል ነው ትንፋሼን የጨረስኩት። አንተ አይደለህም ገና ልጅ ሆኜ ግቢ ውስጥ ትራስ ይዘህ በይ ምቺ ያልከኝ? ሌላው ሰው ሁሉ አታሸንፍም ይበለኝ። አንተ እንዴት?»

እኔ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «በቃ!» አልኩ። «ግምታችሁም ሕጋችሁም ገደል ይግባ! ፀዲ፣ ስሚኝ። አባትሽ ያሸንፋል ያለው አንድ ሰው አሸንፎ አያውቅም። የዚህች በርጩማ ባለቤት ሆኖ አንዴ አልተቀመጠባትም። ዛሬ እንድታሸንፊ ብሎ ነው ትሸነፋለች ያለው። ከልቡ አይደለም። እነዚህ ሁሉ ያውቃሉ። እኔም አስኮ ላይ ሰምቼ ላንቺ አልነገርኩሽም፤ እነሱ ይፈርሳል ብለው እኔም እንደ እነሱ ሞኝ ሆኜ።»

ፀደንያ በአንድ ዓይኗ እኔን፣ ከዛ አባቷን አየች። «እንዳሸንፍ ብለህ ነው?» አለችው። «አዎ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «እና በልብህ ምን ነበር ያሰብከው?»

«በሁለተኛው ዙር ትጨርሻታለሽ ነበር ያልኩት» አለ ዲሪርሳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በልቤ።»

ሳቀች። ያበጠው ዓይኗ አሟት «ዋይ» እያለች ሳቀች፣ ሳቁም ወደ ለቅሶ ዞረ። ዲሪርሳ ያኔ ነው ከቆመበት የተንቀሳቀሰው። እጇን ይዞ በርጩማዋ ላይ እሷን አስቀመጣት። «ይቺ ለሚገምት ሰው አይደለችም» አለ። «እኛ ነን ያባለግናት። ይቺ የቦክሰኛ ናት።» ከዛ ወደኔ ዞሮ «ወርቅውሃ፣ ባልዲ» አለኝ። ባልዲውንና ፎጣውን አመጣሁ። ጉልበቱ እየተንቋቋ ተንበረከከና ፎጣውን ነክሮ ጨምቆ ፊቷን ይጠርግላት ጀመር፤ መጀመሪያ ግንባሯን፣ ከዛ ባበጠው ዓይኗ ዙሪያ፣ በቀስታ፣ በቀስታ። የጥጥ መጋዘኑ ውስጥ ያየሁት እጅ ነው። አርጅቷል፣ ደም ሥሩ ወጥቷል፣ ግን ያው እጅ ነው። እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ስጠርግ ወንዲ አየኝና ፊቱን አዞረ።

ፎጣውን ሲጨርስ ዲሪርሳ እዚያው እንደተንበረከከ ቀና አለ። «እንግዲህ ለሚመጣው ዓመት እኔ አሁኑኑ እገምታለሁ» አለ። «ፀደንያ ታሸንፋለች።»

«ኧረ በመድኃኔዓለም!» ብለው ጮኹ ኦቦ ሞቱማ። «አፍህን! እንዳትመታ! ወንዲ ያዘው!» ዲሪርሳ ጡጫውን ወደ ጠረጴዛው ሲያነሳ ኦቦ ሞቱማ አንድ ክንዱን፣ ወንዲ ሌላውን አንቀው ያዙት፤ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድመው ይታገላሉ።

«ልቀቁት» አለች ፀደንያ ከበርጩማዋ ላይ። «ይምታ። እኔ ጠዋት ልሰማ የፈለግሁት ይሄን ነበር። እሸነፍም እንደሆነ ይሄን ሰምቼ ልሸነፍ።»

ቀስ ብለው ለቀቁት። ጓ አደረገ። ሁላችንም ወደ ጋሽ ወርቁ ዞርን። ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሕግ ሕግ ነው።

«ምክንያት?» አሉ።

«ልጄ ናት» አለ ዲሪርሳ።

ጋሽ ወርቁ በርጩማዋን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ፎጣውን አዩ። ከኪሳቸው መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ተናፈጡ።

«ተቆጥሯል» አሉ።